የነዳጁ በራሪ

ኦሉ ከተማ ላይ በረዶ ሲከመር፣
ስምንት ሰዎች ሆነን በየቤቱ ወንበር፣
በኮምፒውተር ሰማይ አንድ ላይ ልንበርር
ሳምንት መከርን።

ጎማችን ሳይነሳ ጅራቴ ነደደ፤
ጥይቱ ከኛው ረድፍ፣ ከኛው መሀል ሄደ።
ስሙን «ጥቁር ቁራ» ብሎ የለጠፈ
በማዳመጫችን ውስጥ ለጋ ሳቅ አተረፈ፤
እልም አለና ጠፋ፣ በማግስቱ መጣ፣
በሌላ ስም ሆኖ፣ ያው ሳቅ፣ ያው ጣጣ።

«ዋስ የሌለው አይግባ!» አለች ሄልካ ቆርጣ፤
«ወንዙን እስክንሻገር ምላጭ ይቆለፍ።»
ሕጉ ጸና። ቁራው ከደጅ ቀረ፣
«አስገቡኝ» እያለ ሌሊቱን አደረ።

ማን ዋስ ይሆነዋል?
ራውኖ፣ ሠላሳ ዓመት
የእውነቱን ሜዳ በረዶ የጠረገ፣
አንድ ቀን ያልበረረ፣
«እኔ» አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።
«ጠመንጃ አንሰጠውም። ነዳጁን ይሸከም፤
ስንጠማ እሱን እንጥራ።»

በአራተኛው ሌሊት፣ ከባሕሩ በላይ፣
መርፌዬ ዜሮ ነክታ፣ አንድም መብራት ሳላይ፣
ቱቦው ሲንቀጠቀጥ የልጅ ድምፅ ሰማሁ፦
«ቀስ... ትንሽ ወደ ቀኝ... ቆይ... በቃ፣ ያዝኩህ።»
ሳቅ የለበትም። ትንፋሽ ብቻ።

ጠጣሁ።
ግን አልዋሽም፤ ስመለስ፣ አንገቴን
ጠምዝዤ አያለሁ፣ አሁንም፣ ጅራቴን።