የዘር ብር

በእኛ ቤት ዘር ማለት፣ ተለቅሞ የሚጣል፤
ሸምሲያ ጥጥ ስትዳምጥ፣ ፍሬው ይፈናጠራል፤
ዶሮ ትጭረዋለች፣ ልጅ ይጫወትበታል፤
ባዘቶው ግን ይቀራል፣ እንዝርት ይጠብቀዋል።

ሌላም ዘር ነበረ፣ ሰው የሚጠይቀን፣
ስማችንን ሳይሰማ፣ «ከነማን ናችሁ?» የሚለን፤
«ቁጢት በጣሽ» እያለ፣ ጋቢዬን ደርቦ፣
ሙቀቱን ከእኔ ወስዶ፣ ስድቡን አስረክቦ።

ዘንድሮ ዘምዘም ልጄ፣ ሦስተኛ ዘር ይዛ፣
ከማራኪ አዲስ ዓለም፣ በእግሯ ተጉዛ፣
«የዘር ብር ነው፣ አባ!» አለች ከደጅ ሆና፤
እኔም ከጉድጓዴ፣ አንገቴን አልኩ ቀና።

ቃል በቃል አነበበች፦ «ባህላዊ ሽመናን
ለሚያዘምኑ ወጣት ፈጣሪዎች…»
«ኧረ ተይ!» አልኳት፤ «ፈጣሪስ አንድ ነው።»
«እሺ፣ ፈልሳፊ በለው።»

አምስት ደቂቃ ነበር፣ መድረኩ ላይ የሰጧት።
አምስት ደቂቃ! አንድ ድር ቢበጠስብኝ፣
ጫፉን በምራቅ ጠቅልዬ፣ እስክቀጥል አትበቃኝ።
ከዳኞቹ አንዱ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣
«ከጉድጓድ ማውጣቱ፣ ለምን አስፈለገ?» አለ።
«የአባቴ ጉልበት» አለች፣ «ከሬዲዮ ቀድሞ
ክረምት መግባቱን ያውቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ታሞ።»

የብሩ እኩሌታ መጣ። አዛናው፣ ጓደኛዋ፣
ከአዘዞ ጋራዦች ብረት ለቀመላት፤
የተጣለ አልጋ እግር፣ የባጃጅ ፍሬን ገመድ፣
ጥለቱን በቁጥር የምታነሳ፣ ቡጢ የምታክል ሞተር።
ዕቃው ቆመ። ቁመቱ ከእኔ በለጠ።

«አሁን ቁጥሩን ንገረኝ» አለች ልጄ፤ «ስንት ረግጠህ
ስንት ትዘላለህ? ማሽኑ ሌላ ቋንቋ አይሰማም።»
አፌን ከፈትኩ።
ባዶ።
ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ጥለት፣ ምላሴ ላይ የለም፤
ለካ እግሬ ነው የሚያውቀው፣ እኔን ነግሮኝ አያውቅም።

ከጉድጓድ ላውጣህ ብላ፣ ስንት ደጅ የጠናችው፣
ቁጥር ፍለጋ መልሳ፣ እግሬን ጉድጓድ ከተተችው።
መሬት በደረቷ ተኝታ፣ በስልኳ እያበራች፣
«ግራ… ግራ… ቀኝ… ግራ…» እርሳሷን ምራቅ እያስነካች፣
እግሬን እንደ መጽሐፍ፣ ጣት በጣት ታነባለች።

አንድ ቦታ ላይ ደረስኩ፤ ሁለቴ ረገጥኩና አለፍኩ።
«ተሳሳትክ?»
«አልተሳሳትኩም። አባቴም እዚያ ጋ ይደግማት ነበር፤
ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ።»
አዛናው ከማሽኑ ሥር አንገቱን አወጣ፦ «ትግባ?»
ዘምዘም እኔን አየች።
«ትግባ።»

እናም ገባች። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ፣ ያን ጥለት የገዛ ሰው፣
ከዳሩ አራት ጣት ገባ ብሎ ቢዳስሰው፣
የአባቴን እግር ያገኛታል፣
ምን እንደሆነች ሳያውቅ።

የብሩ ሁለተኛ ክፍል ገና ነው፤ ደረሰኝ ይፈልጋል፤
የፍሬን ገመድ ሻጭ፣ በየት አገር ደረሰኝ ይቆርጣል?
ማሽኑም በቀን ሦስቴ፣ ማጉን ነክሶ ይቆማል፤
ያን ጊዜ እኔ ተጠርቼ፣ በጥፍሬ እፈታዋለሁ፤
አትንገሩብኝ እንጂ፣ ሲነክስ ደስ ይለኛል።

ጎረቤት፣ «ጉድጓዱን ድፈነው፣ ልጅ ይወድቅበታል» ይላል።
እደፍነዋለሁ። ነገ። ከነገ ወዲያ።

ሸምሲያ ደግሞ ዘንድሮ፣ ፍሬውን መጣል ትታለች፤
በወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ አንድ በአንድ ታጠራቅማለች።
«ለምንሽ ነው?» አላልኳት።
ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣
ቆርቆሮው ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ።