ከቀኝ ወደ ግራ

ኅዳር ነው፤ ሪችላንድ፤ ወንዙ ጉም ለብሷል፣
ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ነግቷል።
የዴሊያ ደብተር ከጠረጴዛው ላይ፤
ረስታው ነው፣ ወይ ደግሞ ሆን ብላ እንዳይ።
በእርሳስ የሣለችው፣ እንደ ጃፓኖቹ፣
ጭንብል ያጠለቁ፣ ዐይናማ ልጆቹ።

ከግራ ገለጥኩት፣ እንደለመደ እጄ፦
የጎበጠች ሕፃን፣ መልኳ የገዛ ልጄ፣
በርሜል አዝላለች፤ ላዩ ላይ ቁጥር፦
ያው የኛ ታንክ ነው፣ እኔ ደጁ የማድር።
ስገልጥ፣ አወረደች። ጓንት ያጠለቀ
ጎልማሳ ከጀርባዋ ገመዱን አላቀቀ፤
ስገልጥ፣ ከሱ አዛውንት፤ አዛውንቱም ወጣት ሆነ፤
ስገልጥ፣ በርሜል የለም፣ ጉድጓዱ ተደፈነ፤
መጨረሻው ሜዳ። ጥንቸል፣ ነፋስ፣ ወንዝ።

«ሲያምር!» አልኳት፣ ቦርሳዋን አንግታ ስትወርድ፤
«በስተመጨረሻ ሁሉም ቀለላቸው።»
ሳቀች። «አባዬ ደግሞ!
ከቀኝ እኮ ነው የሚነበበው።
ሜዳው መጀመሪያው ነው።»
አውቶቡሱ መጣ። የተገመሰ ዳቦዋን ትታ ወጣች።

«አባቶች ጨርቋ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» —
በዚህ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ
አባቴን ኦርቪልን ስከስ ኖሬያለሁ፣
ጥርሱ የጠረሰ እኔ ብቻ መስሎኝ።

ደብተሩን አዞርኩት፤ ከሜዳው ጀመርኩ።
ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ወጣት
የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ
በወንዙ ዳር እያፏጨ ይመጣል።
ገና ምንም አላደረገም።