ጎባጣው መላጊያ

ሐሙስ ሂርማታ ላይ፣ ከዝናቡ ማግሥት፣
ሙዘይን ሸራውን ዘርግቷል ጭቃው ፊት፤
ሦስት መላጊያ አወጣ፣ ከጆንያው ጎትቶ፣
አንዱን በእጅጌው ጠርጎ፣ ሁለቱን ረስቶ።

የጠረገው አዲስ ነው፤ ብሎኑ ያበራል፣
ሆዱ ቀጥ ያለ፣ ፊት ያሳያል።
«ለቁም ሣጥን» አለኝ፣ «ሌላ አትመልከት።»
«ቁም ሣጥን አይደለም።»
«አልጋ?»
«ጀልባ» አልኩት።
ሻዩን አስቀመጠና ሣቀ፤ ሣቁን ሣቅኩለት።

ወንድሜ ሲራጅ ጊቤ ላይ መረብ ይጥላል፤
ታንኳው የሰው ነው፣ ግማሹ ዓሣ ለሰው ይቀራል።
ዋንዛ ገዛሁለት፣ አሥራ አንድ ሳንቃ፣
አልጋዬ ሥር ተኝቶ፣ ሽታው እኔን ሲያነቃ።

ሁለተኛው መላጊያ አፉ ተሰንጥቋል፤
ምላጩ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል።
ተውኩት።

ሦስተኛው ወይራ ነው፤ ከላብ የጠቆረ፣
አውራ ጣት ያረፈበት ቦታው የተቦረቦረ።
ገለበጥኩት። ሆዱ፣ ጫፍና ጫፉ አልቆ፣
መሀሉ ጎብጧል፣ ከጠፍጣፋ ርቆ።
«ተበላሽቷል» አለ ሙዘይን፣ «የቆጪው የአባ ራያ፤
እጁ በስተርጅና ሲያጋድል፣ አብሮት ያረጀ መላጊያ።
ጠረጴዛ ቢልጉበት ገበታ ሳይሆን ገንዳ ነው።»

ገንዳ!
እኔስ ታዲያ የምፈልገው ምንድን ነው?
ሳንቃዬን አሰብኩት፤ ጎኑ የት ቀጥ ይላል?
ከአፍንጫው እስከ ኋላው ውኃውን ይከተላል።

«ስንት?»
«ለጠማማ ዋጋ የለኝም፤ ሻዬን ክፈል።»
ከፈልኩ። ማታ ቤቴ ምላጩን ስስል
ሲራጅ ደወለ፦ «ደህናውን አገኘህ?»
«ጎባጣውን።»
ዝም።
«ስማ» አልኩት፤ ስልኩን ሳንቃው ላይ አኑሬ፣ መላጊያውን ገፋሁ፤
ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ወጣ፤ ሲራጅ ዝም ሲል ሰማሁ።