ልክ

ቁጥሩ ጠፍቶ ነበር ከጎማዋ ጎን ላይ፤
አሥር ዓመት ጭቃ፣ አሥር ዓመት ፀሐይ
ልሶት ልሶት አልቆ፣
"አራት ነጥብ" ይላል፣ ቀሪው ተፍቆ።
አራት ነጥብ ስንት?
ይህ ነው ያስጨነቀኝ ካለፈው ሰኞ እስከ ዛሬ ዕለት።

ሞተሯ አሮጊት ናት። ከግብርና ቢሮ
በጨረታ የወጣች፣ መብራቷ ተሰብሮ፣
ወንበሯ ተቀዶ በሲባጎ ታስሮ።
ከእኔ በፊት ጋሽ አራጌ ነበሩ የነዷት፤
ከቃሉ እስከ ተሁለደሬ፣ ለከብት ክትባት።
ሥራቸውን ወረስኩ፣ ሞተሯንም ገዛኋት።

ደወልኩላቸው። "ቁጥሩ ስንት ነበር?"
ጆሯቸው ደክሟል፤ ጮኬ ነው የምናገር።
"ቁጥር አላውቅም ልጄ። እግሬ ነው የሚያውቀው፤
ስቆም ሁለት ተረከዜ መሬት ነበር የሚነካው።"

የአክስቴ ልጅ ሽኩር ፎክሮ መጣና፣
"ሰፊ ግዢ!" አለኝ፤ "ሰፊው ነው ቁመና!
ቀጭን ጎማ ማለት የብስክሌት ነገር፤
አስፋልት ላይ ሲያይሽ ሰው ምን ይበል በመንደር?"
ፒያሳ ወሰደኝ። ከሱቁ በር ጣራ
ጎማው ተንጠልጥሏል፣ ጥርሱ የሚያስፈራ፤
መቶ ሠላሳ ነው በሚሊ ሲጠራ።
መሐሉ አሥራ ስምንት፣ ከቸርኬዬ እኩል፤
ባለሱቁ ማለ፦ "ይገባል ስልሽ፣ ይገባል!"

ገባ። አዎ፣ ገባ።
ሙሔ ጎሚስታ በብረት ፈልቅቆ፣ በሳሙና አግባባ።
ግን ቸርኬው ጠባብ ነው፤ ጎማው ሰፊ ሆኖ፣
ጀርባው እንደ እንቁላል ሾጠጠ ተጭኖ።
ወጣሁባት፤ ቆምኩኝ በእግሬ ጣቶች ጫፍ፣
ያለቦታዋ እንዳረፈች ወፍ።
ስትገፋ ቅስ፣ ቅስ፣ ቅስ የሚል ይሰማል፤
ካቴናው ጎማውን እንደ አይጥ ይገዘግዛል።

ሙሔ ዝም ብሎ ሌባ ጣቱን ላከ፣
በጎማና በካቴናው መሐል እየለካከ።
አልገባም። ትንሿን ሞከረ። አልገባችም።
"እህቴ" አለኝ ቀና ብሎ፣ "ይኼ ልክ አይደለም።"

ሽኩር አልዋጥ አለው፦ "ጎኑን በቢላ ብንከረክመውስ?"
ሙሔ ሣቀ፦ "ሐረጎ ላይ ሲፈነዳ ማን ነፍስ ይመልስ?"

ስንቴ ሰምቼዋለሁ ይህን ቃል፣ ሳላስበው፦
ቁጥሩም ልክ ነው፣ እውነቱም ልክ ነው፤
ልብስ ሰፊም ዳኛም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ቸርኬውን ለካልኝ፤ ሁለት ኢንች አይሞላም።
"የድሮው በኢንች ነው፣ ያሁኑ በሚሊ፤ ሰው ይህን አያይም።
ለሷ አራት ነጥብ አሥር፤ ካጣሽ፣ መቶ በዘጠና።
ከዚያ ወዲያ ያለው ኩራት ነው፣ አይሆንም ጤና።"

ደሴን ሙሉ ዞርኩኝ፤ አራዳ፣ ሸዋ በር፣
ያለው ሁሉ ሰፊ፣ ያለው ሁሉ ለወጣት ነበር።
ኮምቦልቻ ተገኘ፣ ከጨርቃጨርቁ ማዶ፣
ከማዳበሪያ ጆንያ ሥር፣ በአቧራ ተጋርዶ።
ባለሱቋ ጦይባ "ይህን ጠያቂ የለውም" አለች፤
ገና ዋጋ ሳልጠይቅ ራሷ ቀነሰች።

ሙሔ ሲገጥምልኝ ጣቱን ደግሞ ላከ፤
ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። ተነስቶ እጁን በሱሪው ጠረገ።
የሠራበትን ግማሹን ከፈልኩት፤
ግማሹን ለደሞዝ ቀጠሮ አቆየሁት።

ዛሬ በማለዳ ሐረጎን ወረድኩት።
ጉሙ ፊቴ ላይ ነው፤ መንገዱን በልቤ ነው ያየሁት።
ከፊቴ ሲኖትራክ ያቃስታል፣ ፍሬኑ ይሸታል፣
ከኋላዬ ሣጥኑ፣ በረዶው ይንኳኳል።
ዘንበል ስል ዘንበል ናት፣ ስቃና ትቃናለች፤
ቅስ የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብላ ትዞራለች።
ኬላው ጋ ቆምኩኝ፣ መኪና እስኪያልፍ፤
ሁለት ተረከዜ መሬት ላይ ሲያርፍ
ጋሽ አራጌን አሰብኳቸው።

ሰፊው ጎማ? ሽኩር ሊሸጠው ዞረ፣ ገዢ አጣ።
አሁን ደጃፋቸው ተጋድሟል፣ አፈር ጠጥቶ፣ ዝናብ ጠጥቶ፤
አክስቴ ቃሪያ ተክላበታለች።
ለቃሪያው ልክ ነው።