ጥብጣቧ ስትሞቅ

ውርጩ ጣሪያ ይነክሳል፣ ደብረ ብርሃን ተኝታለች፤
ጥብጣቧ ግን እቶን ገብታ ገና መሞቅ ጀምራለች።
በሚሽከረከር መዳብ ላይ ቀልጣ የፈሰሰች ለት
ብርድ ቀደማት፤ ቦታ ሳይዝ ደረቀ ያ ሁሉ ቅንጣት፣
እንደ ገበያ ሕዝብ፣ በረዶ ድንገት እንደጣለበት፣
እንደሮጠ የቀረ፣ ረድፍ የለው፣ ወረፋ የለበት።

አራት መቶ ስልሳ። የመለኪያው መስመር ዘለለ፤
የታመቀ ሙቀት ወጣ፣ ቅንጣት ከአቻው ጎን ዋለ፣
«ተሰለፍ» ያለው ሳይኖር ጎን ለጎን ተደላደለ።

አባቴ ሻረው፣ የአንኮበሩ ቀጥቃጭ፣
«ውሃ ያፈነውን ብረት እሳት ያናዝዘዋል» ይል ነበር፤
ይህን ግን አልነገረኝም፦ ከኑዛዜ በኋላ መሰበር።

ትናንት በጣቴ የጠቀለልኳት ዛሬ ስነካት ቀጭ! አለች፤
ጌጤነሽ መዝገቡ ላይ «ሥርዓት ያዘች» ብላ ጻፈች።
ስባሪዋን እኔ አነሳሁ።