ይቺ ነጥብ

ኪራዩ በጥር ወር ዳግመኛ ሲጨምር፣
ባለቤቴ ትርንጎ ጀመረች መቁጠር፤
ስንት ነጥብ አለ ስፖኬን ካርታ ላይ፣
ቢጫው ለመኪና፣ ብርቱካኑ ለቤት፣
ሰው ለተጎዳበት ጎላ ያለው ቀይ።

አልጋው ላይ ሆና፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣
ጣቷ በየመንገዱ ሲወጣና ሲገባ፣
«እዚህ ሦስት አለ፤ እዚህ ግን አንድ ነው»፤
አንዱ ላይ ስትደርስ ፊቷ ይፈካል።
የማናውቀው ሰው ክፉ ቀን ማነሱ
ለካስ ደስ ይላል።

እዚያ ለሚኖረው ለደባሱ ደወልን፤
«እንዴት ነው ሰፈሩ?» ብለን ጠየቅነው፤
«ሰላም ነው» አለና፣ ትንሽ አሰብ አርጎ፣
«መኪናዬን የሰበሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»
«የት?» አለች ትርንጎ። መንገዱን ነገራት።
ካርታው ላይ ፈለገች፤ ነጥብ አልነበረበት።
«ለፖሊስ አልነገርኩም፤ ለምን ላስቸግራቸው?»

እኔ ካርታ አላምንም። አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤
አሥራ አራት ዓመት ኬንትን በሌሊት ስዞር፣
ከቀዩ ሰፈር የሚወርድ ተሳፋሪ
«አመሰግናለሁ» ሳይለኝ ወርዶ አያውቅም፤
ነጥብ ከሌለበት የሚወርደው ግን
ሰላም ስለው እንኳ አፉን አይከፍትም።
«ልብ ካላየ» አልኳት «ዓይን አያይም።»
«እንግዲያ ልብህን ይዘህ ሂድ» አለችኝ፤
ስንቅ ቋጠረችልኝ፣ ካልሲ ደረበችልኝ።

ቅዳሜ ተራራውን አልፌ፣ አራት ሰዓት ነድቼ፣
ቤቱ ፊት ለፊት ቆምኩ፣ ሞተሬን አጥፍቼ።
በልጄ በሶስና የሒሳብ ደብተር ጀርባ
ያየሁትን ጻፍኩ፦
በረዶ ላይ የተጋደመ ብስክሌት፣ ያለ ሰንሰለት።
ማዕዘኑ ላይ ባለው የነዳጅ ማደያ
ሻጩ ከወፍራም መስታወት ኋላ፣ እያፏጨ።
ፋርማሲው የሕፃን ወተቱን ቆልፎበታል፤
(ይህ ስለ ሌባው ነው፣ ወይስ ስለ ወተቱ ዋጋ?)
አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣
ውሻ ታንሸራሽራለች፤ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍናለች፤
ወደ ኋላ አትዞርም።
«አትዞርም» የሚለውን ሁለቴ አሰመርኩበት።
ርችት ይሁን ተኩስ ያለየሁት፣ አንድ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የኋላ መስታወቴ
ሰማያዊ ሆነ።
እጆቼ መሪው ላይ ተቀመጡ፣ ማንም ሳያዛቸው።
«እዚህ ምን ትሠራለህ?»
«ሰፈሩ ሰላም መሆኑን እያየሁ።»
ወጣቱ ፖሊስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤
የእሱ ሳቅ ከአፉ፣
የእኔው ከጉልበቴ።

ማክሰኞ ማታ ትርንጎ ከትራሷ ቀና አለች፦
«አላልኩህም? ይኸው አዲስ ነጥብ ተጨመረ፤
እዚያው ቤት ደጃፍ፣ ቅዳሜ፣ አምስት ተኩል ግድም፤
‹አጠራጣሪ ሰው፣ በቆመ መኪና።›
ይቅርብን፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አያሻንም።»
ደብተሩን አወጣሁ። ሰዓቱን አሳየኋት።
ዝም አለች፤ ከዚያ ጣቷን ነጥቡ ላይ አኖረች፣
የልጅ ግንባር ትኩሳት እንደምትዳስስ፤
«ይቺ… አንተ ነህ?»

በየካቲት ገባን።
ከጎን ቤት ሎይስ፣ ሰማንያ ያለፋት፣ በምርኩዟ፣
የበረዶ አካፋ አምጥታ አዋሰችን፣ ሳንለምናት፤
«ያን ማታ የደወልኩት እኔ ነኝ» አለች፣
ይቅርታም አልጨመረች፤
«ነገም የማላውቀው ሲቆም እደውላለሁ።»
ትርንጎ ያን ዕለት ወደደቻት፤
እኔ አካፋውን ተቀበልኩ።

ትናንት ሌሊት አንድ መኪና ደጃችን ቆመ፤
ሞተሩ ጠፍቷል፤ ውስጡ ፊት አለ፣ በስልክ ብርሃን የገረጣ፤
ወደ ቤታችን ያያል፣ ይጽፋል፣ ያያል።
ኮቴን ደረብኩ። የበረንዳውን መብራት አበራሁ።
«ቤት ፍለጋ ነው?» ልለው ደረጃውን ወረድኩ፤
ስልኬ ግን በእጄ ነበር፣
አውራ ጣቴም ቁጥሩ ላይ።