በሦስተኛው ደቂቃ

ከዚራ፣ ከኒሙ ዛፍ ትይዩ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
ላቤ ወረቀቱን እንዳይነካው በክርኔ ስጠነቀቅ፣
ለአንዲት ሰከንድ ዕድሜ አሥራ ሁለት ሥዕል
እሥላለሁ፤ በወር ይከፈለኛል።

አምስት ልጆች አሉ በምሠራው ፊልም።
አራቱ ስም አላቸው፣ አልጋና የቤት ሥራ፣
እናት በመስኮት ብቅ ብላ ለእራት የምትጣራ።
አምስተኛው ግን
በሦስተኛው ደቂቃ ከአሸዋ ውስጥ ይወጣል፣
ግመል ይጎትታል፣
ቃል ይሰብራል፣
ያስቃል፣
ይሄዳል።

እኔ ነኝ የሣልሁት። ሽርጡን፣ ዱላውን፣
ከፊቱ የሚሰፋ ነጭ ጥርሱን።
«ሱማሌ መሆኑ ቶሎ ይታወቅ» አሉ ባለገንዘቦቹ፤
እኔም ቶሎ አሳወቅሁ።
መገላ ተወልጄ፣ መገላ አድጌ፣ ቶሎ አሳወቅሁ።

ድምፅ ሲፈለግ ጉሌድን አመጣሁ፣
የጎረቤቴን የሆዳንን ልጅ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ግመል ይፈራል።
አንዴ በአሸዋ ሰፈር ሲያልፍ አንዱ ቢያጓራበት
እስከ ቤቱ በሩጫ፣ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ።
እሱ የሚያውቀው ባጃጅ ነው፤ የአጎቱን ሞተር
ከመቶ ሞተር መሀል በጆሮው ለይቶ ይነግርሃል።
በሱማሌኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ያላግጣል፣
በአማርኛ ይምላል፤
ድሬ እንዲህ ነው የሚወራው፣ ማን ይቆጥረዋል?

ማይኩ ፊት ቁመቱ አልደረሰም፣ ሣጥን አቆምንለት።
«አቦ! ውኃ ስጡኝ፣ ደረቅኩ እኮ!» አለ፤
የተጻፈለትን ትቶ፣ የራሱን።
ከአዲስ አበባ በስልክ የሚያዳምጡት ዝም አሉ።
ከዚያ አንዱ፣ በጨዋ ድምፅ፦
«ጎበዝ ልጅ ነው። ግን እ...
ሱማሌ አይመስልም።»

ጉሌድ ወደ እኔ ዞረ።
እኔ ወደ ማራገቢያው ዞርሁ።

ሌላ ሰው ተገኘ፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣
ድሬን ከአውሮፕላን መስኮት ያያት።
ምላሱን አጥፎ፣ «ሐ»ን ከጉሮሮው ቆፍሮ
ያን ልጅ ሆነላቸው።
አጨበጨቡ። «ይኸው፣ እውነተኛው!»

ቅዳሜ ጠዋት የሆዳን ቤት ሞላ፤
የሰፈሩ ልጅ ምንጣፉ ላይ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ።
ሦስተኛው ደቂቃ ደረሰ።
ጉሌድ ከሁሉ ቀድሞ ሳቀ፣
ድንጋዩ ሳይወረወር ጎንበስ እንደሚል ሰው።

እሑድ ሱቅ ተልኮ ሰማሁት፦
ምላሱን አጥፎ፣ «ሐ»ን ቆፍሮ
ስኳር ጠየቀ።
ባለሱቁ እንባው እስኪመጣ ሳቀና ከረሜላ መረቀለት።
በማግሥቱ ሳሙናም እንዲያ ገዛ። ክብሪትም።
አፉን የፈታበት አማርኛ
አንድም ቀን ከረሜላ አላወጣለት።

አንድ ማታ ደረጃዬን ወጥቶ መጣ።
«ከሄደ በኋላ የት ነው የሚገባው?»
«ማን?»
«ባለ ግመሉ። አራቱ ቤታቸው ይገባሉ። እሱስ?»

አሸዋ ነበር የሣልሁለት።
ከአሸዋው ወዲያ ወረቀቱ ያልቃል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ከአሥራ ሁለቱ በአንዱ፣ በአንዱ ሥዕል ብቻ፣
ከአሸዋው ጥግ ሰማያዊ በር አቆምሁ፤
ገርበብ ያለ፣ ከውስጡ ብርሃን፣
ደፉ ላይ አንዲት ሴት እጇን ለዓይኗ ጥላ አድርጋ።
ዓይን ሲርገበገብ ያልፋል።
የፈተሹትም አላዩት፤ የከፈሉትም።

ጉሌድ አየ።
«መልሰው! አቦ መልሰው! እዚህ ጋ፣ አቁመው!»
አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ደርሶ ቆየ።
እኔ ምስጋና ጠበቅሁ፣ አልዋሽም።

«በራችን ሰማያዊ አይደለም» አለኝ፣ በገዛ ድምፁ።
«ቆርቆሮ ነው። ከታች ጎድጉዷል፣ እኔ ነኝ በኳስ የመታሁት።
እናቴም እንዲህ አትቆምም፤ ውስጥ ሆና ነው የምትጮኸው።
ግመሉን ደግሞ ለባለቤቱ መልስለት።»

ላጲሴን አነሣሁ።
«ስንቴ ነው የመታኸው?» አልሁት።